የወንጀል ቁጥሮችን እንዴት እናንብብ? ዘር፣ ገቢና ጥቃት በአሜሪካ

«ጥቁሮች ከአሜሪካ ሕዝብ 13 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በነፍስ ግድያ ከሚያዙት ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ ናቸው።» ይህ አባባል በማኅበራዊ ሚዲያ ለዓመታት ሲዘዋወር ቆይቷል። በአሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን መካከልም በአማርኛ ሲነገር እንሰማዋለን፤ ብዙውን ጊዜም «ልጃችሁን ከእነሱ አርቁ» የሚል ምክር ይከተለዋል።

ቁጥሩ ፈጠራ አይደለም። የአገሪቱ የፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ባሰባሰበው የ2019 መረጃ በነፍስ ግድያ ተጠርጥረው ከተያዙት 51 በመቶ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ነገር ግን ከዚህ ቁጥር ተነስቶ እዚያ ምክር ላይ ለመድረስ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች ተዘልለዋል። አንድ በአንድ እንያቸው።

ምን ተቆጠረ?

ኤፍቢአይ ከ1930 ጀምሮ ከየፖሊስ ጣቢያው መረጃ ይሰበስባል። «የተያዙ ሰዎች» የሚለው ቁጥር ፖሊስ የያዛቸውን እንጂ ወንጀሉን የፈጸሙትን ሁሉ አያሳይም። በ2019 ከተፈጸሙት ግድያዎች ፖሊስ ተጠርጣሪውን ለይቶ የዘጋቸው 61 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከዚህም በላይ ብዙ ጥቃት ጭራሽ ለፖሊስ አይነገርም። የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ ከ1973 ጀምሮ ቤተሰቦችን በቀጥታ እየጠየቀ የሚያካሂደው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በ2019 ከደረሱት አካላዊ ጥቃቶች ለፖሊስ የተነገሩት 41 በመቶ ያህሉ ነበሩ።

ይህን ስንል በዘር መካከል ልዩነት የለም ማለታችን አይደለም። ግድያ እንደ ሌላ ወንጀል በቀላሉ አይደበቅም፤ ልዩነቱም በእርግጥ አለ። ነገር ግን ሌላኛው ገጹም አብሮ ይነበብ። በዚያው ዓመት ዘራቸው ከታወቀ የግድያ ሰለባዎችም ከግማሽ በላይ ጥቁሮች ነበሩ። ለቅሶው በመጀመሪያ የገባው እነሱ ቤት ነው።

«ጥቁር ጥቁርን ይገድላል» የሚባለውም ብቻውን ሲነገር ያሳስታል። አንድ ገዳይና አንድ ሟች ባሉባቸው መዝገቦች፣ ከተገደሉ ጥቁሮች 89 በመቶ ያህሉን የገደሏቸው ጥቁሮች ናቸው። ከተገደሉ ነጮችም 79 በመቶ ያህሉን የገደሏቸው ነጮች ናቸው። ሰው በአብዛኛው ጉዳት የሚደርስበት አብሮት ከሚኖረው፣ ከሚያውቀውና ከሚጎራበተው ሰው ነው።

ከስንት ሰው?

በ2019 በግድያ ተይዘው የተመዘገቡት ጥቁሮች 4,100 ገደማ ነበሩ። በአሜሪካ የሚኖሩት ጥቁሮች ደግሞ ከ40 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ስናካፍለው ከ10,000 ሰው አንድ ያህል ይመጣል። መረጃ ያልላኩ ጣቢያዎች አሉና ቁጥሩን በእጥፍ እናሳድገው ብንል እንኳ ከ10,000 ሁለት ቢሆን ነው። «51 በመቶ» ሲባል የሰማ አባት ግን ጎረቤቱ ያለውን ልጅ በሙሉ ከዚያ ውስጥ ይቆጥረዋል። በግድያ ከሚያዙት ከአሥሩ ወደ ዘጠኝ የሚጠጉት ወንዶች ናቸው። ይሁንና ማንም ሰው ይህን ቁጥር ይዞ ወንድሙንና አባቱን አይሸሽም።

ከማን ጋር ተነጻጸረ?

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2014 ባወጣው ዘገባ የ2008–2012 መረጃን በገቢ ለይቶ አሳይቷል። ዘገባው የተጎጂዎችን እንጂ የአጥቂዎችን ቁጥር አይናገርም። በድህነት መስመርና ከዚያ በታች ከሚኖሩ 1,000 ሰዎች ውስጥ ወደ 40 የሚጠጉ ጥቃቶች ሲመዘገቡ፣ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ዘንድ 17 ያህል ነበሩ። በከተማ የሚኖሩ ድሆችን በዘር ስንለያቸው ደግሞ በነጮች 56.4፣ በጥቁሮች 51.3 ሆነ። በአንድ ዓይነት ችግር ውስጥ ያሉትን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ሰፊ የሚመስለው የዘር ልዩነት እዚህ ላይ አይታይም።

በግድያ ላይ ግን የቤተሰብ ገቢ ብቻውን ሁሉንም አያስረዳም፤ ሰፈሩም ይቆጠራል። ድሃ የሆነ ነጭ ብዙውን ጊዜ ሌሎች የተሻለ ኑሮ ያላቸው ሰዎች ባሉበት ሰፈር ይኖራል። ድሃ የሆነ ጥቁር ግን ድህነት በአንድ ላይ በተከማቸበት ሰፈር የመኖር ዕድሉ የሰፋ ነው። ይህ በአጋጣሚ አልመጣም። በ1930ዎቹ መንግሥት ባሠራቸው ካርታዎች የጥቁሮች ሰፈሮች በቀይ ተቀልመው «ለብድር አደገኛ» ተብለው ነበር። በመኖሪያ ቤት ላይ የሚደረግ አድልዎ በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1968 ነው። ሎረን ክሪቮና ሩት ፒተርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በኦሃዮ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ ባደረጉትና በ1996 ባወጡት ጥናት፣ እጅግ በተጎዱ ሰፈሮች ጥቃት ከፍ እንደሚል፣ ይህም በነጮችም በጥቁሮችም ሰፈር እንደሚታይ አሳይተዋል።

ሌላም ማስረጃ አለ። ከ1991 እስከ 2014 ባለው ጊዜ የአሜሪካ የግድያ መጠን ከግማሽ በታች ወርዷል። የሰው ተፈጥሮ በ23 ዓመት ውስጥ አይለወጥም። የተለወጠው የኑሮው ሁኔታ ነው።

ይህ እኛን ለምን ይመለከታል?

በፖሊስ መዝገብ ላይ «ኢትዮጵያዊ» የሚባል የዘር ሳጥን የለም። በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ የሚያድገው ልጃችን በዚያ ቅጽ ላይ «ጥቁር» ነው። ጎረቤቱን ለማራቅ ያነሳነው ቁጥር፣ ሱቅ ሲገባና መኪና ሲነዳ በእሱም ላይ ይነሳል።

እንደ ሙስሊምም ይህን አካሄድ ከበቂ በላይ እናውቀዋለን። ኤፍቢአይ በ2000 በሙስሊሞች ላይ የተፈጸሙ 28 የጥላቻ ወንጀል ክስተቶችን መዝግቦ ነበር። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ የ2001 ቁጥር 481 ደረሰ። ጥቂቶች በፈጸሙት ድርጊት ምንም የማያውቁ ሰዎች ተመቱ።

ስለዚህ ቀጣዩ ቁጥር በስልካችን ሲደርሰን ከማጋራታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። የተቆጠሩት የተያዙ ናቸው፣ የተፈረደባቸው ወይስ ተጎጂዎች? ከስንት ሰው ውስጥ? የተነጻጸሩትስ በተመሳሳይ ኑሮና በተመሳሳይ ሰፈር ያሉ ሰዎች ናቸው? ለእነዚህ መልስ ከሌለው መልእክቱን ለሌላ ሰው አናስተላልፈው።