ቆላ ወርዶ ለማስተማር ያሰበ መምህርና ጤንነቱ

እንግሊዝኛ ቋንቋን ለማስተማር ከአገር ወደ አገር መሄድ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። እንዲህ ያለው ተጓዥ የትምህርት ማስረጃውን ብቻ ሳይሆን ጤንነቱንም ማስመርመር ይኖርበታል። በከተማ ውስጥ በቀላሉ የሚያዝ ሕመም ቆላ ሲወረድ ሌላ መልክ ይይዛልና።

ለዚህ ኡም ጋርጉር ጥሩ ማስረጃ ናት። ኡም ጋርጉር በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የምትገኝ የስደተኞች ሠፈር ናት። የተቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ከነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ናቸው። ወደ ሦስተኛ አገር ለመሻገር ተስፋ ለሚያደርግ የስደተኛ ልጅ እንግሊዝኛ ከክፍል ትምህርትነት የበለጠ ዋጋ አለው። በዓመቱ አጋማሽ ታሞ የሚመለስ መምህር ግን ተማሪዎቹን ከጀመሩት መንገድ ላይ ትቷቸው ይሄዳል።

በሚያዝያ ወር የአካባቢው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጥቁሩ የዋልካ መሬት ስለሚጨቀይ መኪና እንደ ልብ አይሄድም፤ በሽተኛን ወደ ገዳሪፍ ከተማ ለማድረስ ያስቸግራል። በዚህ ሁኔታ ይበልጥ የሚፈተነው የስኳር ሕመምተኛ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ከተከፈተ በኋላም ቢሆን ብርቱ ሙቀት ኃይሉን ያሳጣዋል። የከፋው ነገር መድኃኒቱ ተበላሽቶ ሳለ መልኩ ላይለወጥ መቻሉ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ስፍራ ውኃ የሚያዣ የሸክላ ዕቃ በትነት ስለሚቀዘቅዝ፣ በአገልግሎት ላይ ያለውን መድኃኒት ከሙቀት ይከላከላል። ለወራት የሚሆን ስንቅ ማስቀመጫ ግን አይሆንም። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ማስተማር አይችልም ማለት ስሕተት ነው፤ መጠየቅ ያለበት ማቀዝቀዣው የት ነው፣ መድኃኒቱስ በክረምት እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው።

አንዳንድ ሕመም ደግሞ ከመከላከያው ጋር ይጋጫል። ሜፍሎኪን የተባለው የወባ መከላከያ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው አይሰጥም፤ ሐኪሙ ሌላ መምረጥ ይኖርበታል። የቢጫ ወባ ክትባትም ሕያው ተሕዋስ ስላለበት የሰውነት የመከላከል ኃይሉ እጅግ ለተዳከመ ሰው አይስማማም። ክትባቱን የሚወስድ ሰው ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መከተብ አለበት።

ከሁሉ ይልቅ የአካባቢው ስም የሚነሣው በካላዛር ነው። ይህ በሽታ በአትባራና በረሃድ ወንዞች አካባቢ፣ በእኛም በኩል በሑመራና በመተማ ቆላዎች ይገኛል። የሚያስተላልፈው ከትንኝ የሚያንስ የአሸዋ ዝንብ ሲሆን፣ በዋልካው ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ ይነክሳል። ሙቀቱን ለመሸሽ ውጭ የሚተኛ ሰው በተለይ ይጋለጣል። ተራ አጎበር ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ዝንቡን ላያግደው ይችላል። ለሰው የሚሆን ክትባትም እስካሁን የለም። ከደጋ የሚወርድ እንግዳ ለበሽታው አዲስ በመሆኑ ይበልጥ ይጎዳል፤ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ ውስጥ ካለ ደግሞ ሕክምናው ይከብዳል፣ በሽታውም ተመልሶ ሊነሣ ይችላል።

ሥራውን እንዳያጣ ብሎ ሕመሙን የሚደብቅ አመልካች አይጠፋም። ፍርሃቱ ምክንያት አለው፤ አንዳንድ ቀጣሪ የሕመሙን ስም እንደ ሰማ ማመልከቻውን ይመልሳልና። ነገር ግን የተደበቀ ሕመም በገጠር ሠፈር ውስጥ ያለ መድኃኒትና ያለ ረዳት ይገለጣል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የጉዞው ነገር ይበልጥ ከብዷል። ብዙ ተፈናቃዮች ወደ ገዳሪፍ ገብተዋል፤ በዚያው ዓመት መስከረም ወር በግዛቱ የኮሌራ ወረርሽኝ መከሠቱ ታውጇል። ቀድሞ በዚያ የነበረ መምህርም ቢሆን ወደ አገሩ በመመለሱ ብቻ ነገሩ አብቅቷል ማለት አይቻልም። የካላዛር ምልክት ብዙውን ጊዜ ከተነከሱ ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይታያል። ትኩሳት ሳይለቀው የሚከሳና ጣፊያው የሚያብጥ ሰው የት እንደነበረ ለሐኪሙ ካልተናገረ፣ ሕመሙ ወባ ወይም ታይፎይድ ተብሎ ጊዜ ሊያልፍበት ይችላል።