ስለ ታሸገ ቁርስ፤ አቀማመሱና አመራረጡ

«ቁርስ» የሚለው ስም «ቈረሰ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ሌሊቱን ሳይበላ ያደረ ሰው ማለዳ ተነሥቶ ከዳቦው ወይም ከእንጀራው ጥቂት ቈርሶ አፉን ያሟሻልና የጧቱ ምግብ በዚሁ ስም ይጠራል። ዛሬ ግን የከተማ ሰው ቁርሱን ከመቍረስ ይልቅ ከካርቶንና ከላስቲክ ከረጢት ቀዶ ማውጣትን እየለመደ ሄዷል። በአዲስ አበባ ወደ አንድ ሱቅ የገባ ሰው ብስኩቱን፣ ኮርን ፍሌክሱን፣ የታሸገውን አጃ፣ የድንች ቺፕሱን፣ እንደዚሁም በላስቲክ የታሸገውን ዳቦ ቆሎና በሶ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተሰልፈው ያገኛቸዋል።

ሁሉም በየሥዕላቸውና በየቀለማቸው ገዢውን ያባብላሉ። የወር ደመወዙን ቈጥሮ ለሚያድር ቤተ ሰብ ግን ጥያቄው ቀላል አይደለም። የሚከፈለው ገንዘብ የልጁን ሆድ ይሞላልን? ወይስ የሚገዛው የካርቶኑ ሥዕል ብቻ ነው? ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የታሸገ ቁርስና መክሰስ እንዴት እንደሚቀመስና እንዴት እንደሚመረጥ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስረዳ አስበናል። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስንቅና እሽግ

ምግብን አሽጎ ማቈየት ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን አባቶቻችን ስልቻውንና አገልግሉን፣ የቤተ ክህነት ተማሪዎችም አኮፋዳውን የያዙት ለዚሁ ጉዳይ ነበር። መንገደኛ ያለ ስንቅ አይወጣም፤ ስንቁም እንዳይበላሽ ሆኖ መዘጋጀት አለበት። የቤተ ክህነት ተማሪ «የቆሎ ተማሪ» መባሉ ራሱ ምግቡ ምን እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ከስንቆቹም ሁሉ በሶ ከፍ ያለ ስፍራ አለው። ገብሱ ይቈላል፤ ይፈተጋል፤ ይፈጫል። ከዚያ በኋላ በውኃ ቢበጠብጡት መጠጥ፣ በቅቤ ወይም በዘይት ቢጨብጡት ምግብ ይሆናል፤ እሳት አይፈልግም። በትግርኛ ይህን ዱቄት ጥሕኒ እንለዋለን፤ ከእርሱም በጣት እየተድቦለቦለ ጥሕሎ ይሠራል፤ ጥሕሎውም በሹካ መሳይ እንጨት እየተወጋ ከወጡ እየተነከረ ይበላል። የበሶ ዕድሜ ረጅም የሚሆንበት ምክንያት የታወቀ ነው። ሻጋታ ያለ እርጥበት አይበቅልም፤ ቈሊው ደግሞ እርጥበቱን አስቀድሞ አስወግዶታል። የዘመኑ ፋብሪካም ቢሆን ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

ኮርን ፍሌክስ የተገኘው በአሜሪካ አገር፣ ሚሺጋን በምትባለው ክፍል፣ ባትል ክሪክ በምትባል ከተማ ነው። በዚያ የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችው የጤና ቤት ነበረ። የቤቱ ኀላፊ ዶክተር ጆን ሃርቬይ ኬሎግና ወንድማቸው ዊል ኪት ለሕሙማን የሚስማማ ቀላል ምግብ ሲፈልጉ፣ ተቀቅሎ የቈየ ስንዴ በመዳመጫ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ቅርፊት ስስ ሆኖ እንደሚወጣ ተገነዘቡ። ይህ የሆነው በ1894 ነው። በኋላ በስንዴው ፈንታ በቆሎ ገባ፤ ታናሽ ወንድምየውም በ1906 የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከተጣሉባቸው ነገሮች አንዱ በምግቡ ላይ ስኳር ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚለው ነበር። ይህ ክርክር እስከ ዛሬም ድረስ በየቤታችን ጠረጴዛ ላይ አላበቃም።

በአገራችንም በ1962 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የሕፃናትን አመጋገብ የሚመለከት ድርጅት ተቋቁሞ ነበር። ከዚሁ ሥራ የተገኘው የሕፃናት ምግብ ፋፋ ይባላል፤ እርሱም ስንዴና ጥራጥሬ ከወተት ዱቄት፣ ከቪታሚንና ከማዕድን ጋር የተቀላቀለበት ዱቄት ነው። አማርኛ የሚማሩ አንባቢዎቻችን ስሙን ልብ ይበሉት። «ፋፋ» ማለት ሕፃን አምሮበት ወፈረ፣ አደገ ማለት ነው። ምግቡ የሚፈለግበትን ውጤት በሁለት ፊደል ስለሚናገር፣ ከብዙ የሱቅ ስሞች ይልቅ ይህ ስም ሥራውን ያውቃል።

ስሙን ሸፍኖ መቅመስ

ቀማሽን ከሚያስቱት ነገሮች የመጀመሪያው ዓይኑ ነው። የታወቀ ምልክት ያለበትን ሳጥን ያየ ሰው ምግቡ አፉ ሳይገባ ፈርዶ ይጨርሳል። ስለዚህ በፋብሪካዎችና በምርምር ቤቶች ምግብ የሚቀመሰው ስሙ ተሸፍኖ ነው። ምግቡ በተመሳሳይ ሳሕን ይቀርባል፤ በላዩም ሦስት አኃዝ ያለው ቍጥር ይጻፍበታል። «1» ወይም «ሀ» ተብሎ የማይጻፍበት ምክንያት ቀማሹ አንደኛ የተባለው ሁሉ ይበልጣል ብሎ እንዳያስብ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍም አፍ በውኃ ይጉመጠመጣል።

ከመንገዶቹ ሁሉ በቤት ውስጥ ለመሥራት የሚቀለው የሦስትዮሽ ፈተና ነው። ሦስት ሳሕን ይቀርባል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ ግን ሌላ ነው። ቀማሹ የተለየውን እንዲያወጣ ይጠየቃል። ምንም ሳያውቅ በግምት የሚናገር ሰው እንኳ ከሦስት ጊዜ አንዱን ያገኘዋል። ስለዚህ ስድስት ሰዎች ቢቀምሱ ሁለቱ በዕድል ብቻ ሊያውቁ ይችላሉ፤ ልዩነት አለ ብሎ ለመናገር ከስድስቱ አምስቱ ማግኘት አለባቸው። አሥራ ሁለት ቀማሾች ቢሆኑ ደግሞ ስምንቱ ሊያገኙት ይገባል።

እኛም ይህን መንገድ ለመሞከር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስድስት ሆነን ተቀምጠን፣ በቤት የተሠራ ዳቦ ቆሎና ከሱቅ የተገዛ ዳቦ ቆሎ ስማቸው ተሸፍኖ ቀረበልን። ከመካከላችን አንድ ወይዘሮ «የቤቱንማ በሽታው ብቻ ዐውቀዋለሁ» ብለው ነበር፤ አንድ ወጣት ጸሐፊም «ለእኔ ሁሉም ዳቦ ቆሎ ነው» አለ። ፍርዱ ሲገለጥ የተለየውን ያገኙት ሦስት ሰዎች ብቻ ሆኑ፤ ወጣቱ ከሦስቱ አንዱ ሲሆን ወይዘሮዋ ግን አልነበሩበትም። እርሳቸውም ስቀው፣ «እንግዲያስ የቤቱን የምወደው ስለ ሠራሁት ነው» አሉ። ሦስት ሰው ደግሞ ከስድስት ሰው ለፍርድ ስለማይበቃ ልዩነት አለ ለማለት አልደፈርንም። ከዚህ የምንማረው የቤት ምግብ ከሱቅ ምግብ አይበልጥም ብለን አይደለም፤ «ዐውቃለሁ» ማለትና ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን ነው።

አፍንጫም ሊዘነጋ አይገባም። ምላስ ለይቶ የሚያውቀው ጣፋጩን፣ ጨዋማውን፣ ኮምጣጣውን፣ መራራውንና የሥጋ መረቅን የመሰለውን ጣዕም ነው፤ የቀረውን የሚነግረን ሽታ ነው። አፍንጫውን ይዞ ብስኩት የበላ ሰው ጣፋጭነቱን እንጂ የቫኒላ ይሁን የብርቱካን አይለይም። ስለዚህ ጕንፋን የያዘው ሰው ዳኛ አይሁን።

የቀማሽ ቋንቋም ሊኖረን ይገባል። «ጥሩ ነው»፣ «አይጥምም» ብቻ ማለት አይበቃም። ጨው ያነሰው ምግብ አልጫ ነው፤ ያልበሰለ ፍሬ ይጎመዝዛል፤ እርጥበት የገባው ዱቄት ይሻግታል፤ ነቀዝ የገባበት እህል ይነቅዛል። ቆሎ ይቈረጠማል፤ በሶ ይበጠበጣል ወይም ይጨበጣል፤ ገንፎ ይጐረሳል። ሲቈረጥሙት ድምፅ መስጠት ያለበት ብስኩት ለስልሶ ከተገኘ እሽጉ አየር አስገብቷል ማለት ነው። ዘይቱ የከረፋ ቺፕስም ብርሃንና ሙቀት አግኝቶታል፤ እንዲህ ያለው አይበላም።

ስለ ከፍታና ስለ ቀን

ከባሕር ወለል በሚሠራ ፋብሪካ የታሸገ ከረጢት ወደ ደጋ ሲወጣ እንደ ፊኛ ይነፋል። አዲስ አበባና አስመራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናቸው፤ በዚያም የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው አየር ስለሚሰፋ ከረጢቱ ይወጠራል። ስለዚህ የቺፕስ ከረጢት መነፋቱ ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም። የቈርቈሮ ጣሳ ተነፍቶ ከተገኘ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በውስጡ ጎጂ ተሐዋስያን ሊኖሩበት ስለሚችሉ ሳይቀምሱ መጣል ይሻላል።

በዚሁ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የታሸገው አጃ በካርቶኑ ላይ «ሦስት ደቂቃ ይቀቀል» ቢል፣ ይህ ትእዛዝ ለቈላ አገር ሰው የተጻፈ ነው። የደጋ ሰው ጥቂት ደቂቃ መጨመር አለበት፤ አለዚያ ጥሬውን በልቶ «አጃ አይጣፍጥም» እያለ ያማል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የቀኑ ነገር ነው። በብዙ እሽጎች ላይ የሚታተመው ዓመት የአውሮፓውያን ነው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር 2017 ዓ.ም. የገባው በአውሮፓውያን መስከረም 11 ቀን 2024 ነበር። እንግዲህ በዚያን ጊዜ «2024» የሚል እሽግ ያገኘ ሰው የአቈጣጠሩን ልዩነት ቢዘነጋ፣ ዘመኑ ሊያልፍ የተቃረበው ምግብ ገና ሰባት ዓመት የሚቈይ ይመስለዋል። እንደዚሁም «05/08» የሚለው ጽሕፈት በአንዱ አገር ልማድ የስምንተኛው ወር አምስተኛ ቀን፣ በአሜሪካ ልማድ ደግሞ የአምስተኛው ወር ስምንተኛ ቀን ነው። ዕቃ ሲገዛ ቀኑን በጥንቃቄ ማንበብ ለመላው ቤተ ሰብ የሚጠቅም ልማድ ነው።

ምላስ የማይነግረን

ምላስ ታማኝ ዳኛ ቢሆንም ሁሉን አያውቅም። በደንብ ባልደረቀ ለውዝና በቆሎ ላይ የሚበቅል አንድ ዓይነት ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ መርዙ ጣዕምም ሽታም የለውም፤ ማብሰልም ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለዚህ ሻጋታ የታየበትን ወይም የተጨማደደና መልኩ የተለወጠ ለውዝ ማንሣትና መጣል እንጂ ቀምሶ መፈተን አይገባም። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃንም ሙሉ ለውዝና ጠንካራ ቆሎ መስጠት ጕሮሮውን ሊያንቀው ስለሚችል አደገኛ ነው።

ስኳርንም በምላስ መመዘን አይቻልም፤ ምላስ የለመደውን ይወድዳልና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ የምግብ ኀይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻልም ወደ 5 በመቶ እንዲወርድ መክሯል፤ ይህም ለአዋቂ ሰው 25 ግራም ገደማ፣ ወይም ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። በ100 ግራም ውስጥ 30 ግራም ስኳር ያለበት የልጆች ቁርስ ቢገዛ፣ 30 ግራም በምትይዝ አንዲት ሳሕን ውስጥ 9 ግራም ስኳር አለ። ልጁ ሁለት ጊዜ ቢያስጨምር ሒሳቡ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው።

በእሽጉ ላይ የተዘረዘሩት ነገሮች በክብደታቸው ቅደም ተከተል ይጻፋሉ። ስኳር በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ስፍራ ከተገኘ ያ ምግብ የእህል ስም ያለው ከረሜላ ነው። ጾመኞች ደግሞ ይህን ዝርዝር ሳያነቡ ረቡዕና ዓርብ ብስኩት መግዛት የለባቸውም፤ ላይ ላዩን የጾም የሚመስለው ብስኩት ውስጥ የወተት ዱቄት፣ ቅቤ ወይም የአጓት ዱቄት ይገኛልና። እስላሞችም በጣፋጭ ነገሮች ውስጥ የሚገባው ጄላቲን ከምን እንስሳ እንደ ተሠራ ይጠይቁ። የሃይማኖትን ሥርዓት ለሚጠብቅ ሰው የእሽጉ ጽሕፈት ከጣዕሙ ይቀድማል።

በመጨረሻ ወደ ገንዘቡ እንመለስ። የካርቶን ትልቅነት የምግብ ብዛት አይደለም። በውስጡ 300 ግራም ብቻ ካለ በ30 ግራም ሲሰፈር አሥር ቁርስ ብቻ ይወጣዋል፤ አምስት ልጆች ላሉበት ቤት የሁለት ቀን ነው። ዋጋውን ለግራሙ አካፍሎ ከበሶው፣ ከአጃውና ከገንፎ ዱቄቱ ጋር ማስተያየት ሒሳብ ለሚችል ሁሉ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የታሸገ ምግብ ሁሉ ይጣል አንልም። ቶሎ ወደ ሥራ ለሚሮጥ፣ ሕፃን ለምታጠባ፣ በመንገድ ላይ ላለ ሰው ትልቅ ርዳታ ነው። የምንለው ይህን ነው፤ ስሙን ሸፍናችሁ ቅመሱ፤ ቀኑንና ዝርዝሩን አንብቡ፤ ዋጋውን በክብደቱ መዝኑ። እንዲህ ተፈትኖ የባሕር ማዶው ካሸነፈ ይገዛ፤ የአያቶቻችን በሶ ካሸነፈም ሳናፍር ከጠረጴዛችን ላይ እናስቀምጠው።