ዋሻው ሳይገቡበት

ከባሌዋ ጎሮ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የወረደ ሰው፣ ወይብ ወንዝ ከተራራው ሥር ገብቶ በወዲያ በኩል ሲወጣ አይቷል። ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሆዳችን ዋሻ፣ ትልቁ አንጀት፣ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ጎብኚው ግን ጥቂት ነው።

ሲቲ ኮሎኖግራፊ አንጀቱን ሳይገቡበት መጎብኛ ነው። ሲቲ ስካን ሆድን በስስ በስሱ ከፋፍሎ ያነሳል፣ ኮምፒውተር ይገጣጥመዋል፣ ራዲዮሎጂስቱም ከፊንጢጣ ተነስቶ በስክሪን ላይ ይጓዛል። ዘዴውን በ1994 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ዴቪድ ቪኒንግ ነው።

ለጉብኝቱ ግን ወንዙ መድረቅ አለበት። በዋዜማው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጠጣል፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። በማግስቱ በቀጭን ቱቦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ ያልተነፋ አንጀት እንደ ባዶ ስልቻ ይጣበቃልና። ሰውየው መጀመሪያ በጀርባው፣ ቀጥሎ በሆዱ ተኝቶ ምስል ይነሳል። ሲገለበጥ የቀረ ዓይነ ምድር ቦታ ይለቃል፤ ፖሊፕ የሚባለው ትርፍ ሥጋ ግን ከግድግዳው አይላቀቅም። ሁሉም ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ማደንዘዣም የለውም። ባራክ ኦባማ በ2010 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ነው የተመረመሩት፤ ከእሳቸው በፊት ፕሬዚዳንት የነበሩት ቡሽ ግን ለኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቱቦ አንጀት ውስጥ ለሚገባበት ምርመራ፣ ሲደነዝዙ ሥልጣናቸውን ለሰዓታት ለምክትላቸው ሰጥተው ነበር።

ፖሊፕ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ዐሥር ዓመት ያህል ይወስዳል፤ የቅድመ ምርመራ ትርፉም እዚህ ላይ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ጥናት ሲቲው 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ፖሊፕ ካለባቸው ሰዎች ከመቶው 90ውን ለይቷል። ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰው ላይ ደካማ ነው። ጨረርም አለው። ከሁሉ በላይ ያያል እንጂ አይቆርጥም፤ ፖሊፕ ከተገኘ መንገዱ ዞሮ ዞሮ ኮሎኖስኮፒ ነው።

ጉዳዩ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2011 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በመጀመሪያ ዓመታቱ በወንዶች ላይ ከመዘገባቸው ካንሰሮች ቀዳሚው የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር ነበር። እኛ ደም ስናይ «ኪንታሮት ነው» ብለን ዝም እንላለን። ደም ላየ ሰው ደግሞ ቅድመ ምርመራ አልፎበታል፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው። ሲቲው ምንም ለማይሰማው፣ በአሜሪካ መመሪያ ከ45 ዓመት ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ የሚደረግ ነው።

ታዲያ ምንም የማያመው የጎሮ ገበሬ ማሽን ፍለጋ ሮቤን አልፎ አዲስ አበባ ይግባ? እኔ አልመክረውም። በሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደም የሚፈልግ ርካሽ ምርመራ አለ፤ ናሙናው በብልቃጥ ይጓዛል። መጀመሪያ ሰገራው መንገድ ይሂድ፤ ደም ከተገኘበት ሰውየው ይከተለው።