የተቆለፈው ቀፎ ቁልፍ ማን እጅ ነው?

ዘመድ ከአሜሪካ የላከልዎትን አይፎን ከካርቶኑ አውጥተው የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ካርድ ሲያስገቡበት «ሲም ኖት ሰፖርትድ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ቢል አይደንግጡ። ቀፎው አልተበላሸም፤ ሲሙም ደህና ነው። የሞባይል ጥገና ባለሙያዎች በአንድ ቃል «ሎክ ነው» ይሉታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሲም ካርድ ሰው ከሚደውልልን ቁጥር የተለየ፣ እስከ 15 አሃዝ የሚደርስ መለያ በውስጡ ይዟል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች አገርን ያመለክታሉ፤ የኢትዮጵያ 636 ነው። የኩባንያው መለያ ይከተላል፦ ኢትዮ ቴሌኮም 01፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ 02። የተቆለፈ ቀፎ ሲም ሲገባበት እነዚህን አሃዞች አንብቦ ከተፈቀደለት ዝርዝር ጋር ያመሳክራል። ዝርዝሩ ላይ ያለው የአሜሪካው ኩባንያ ብቻ ከሆነ 63601ን አይቶ እምቢ ይላል። የሚከለክለው ሶፍትዌሩ እንጂ አንቴናው አይደለም።

በድሮዎቹ ኖኪያዎች ዘመን መክፈቻው ኮድ ከስልኩ መለያ ቁጥር በቀመር ይሰላ ስለነበር፣ ቀመሩን ያገኘ ጥገና ቤት ሁሉ ይከፍት ነበር። ዛሬ አይፎን መቆለፍ አለመቆለፉ የተመዘገበው በአፕል ሰርቨር ላይ ነው። እንደ መክፈቻ ከሲሙ ጋር ተደርባ የምትገባው ቀጭን ቺፕ ስልኩን ታታልለዋለች እንጂ መዝገቡን አትለውጥም፤ ስለዚህ አንድ የሶፍትዌር ማሻሻያ ሲመጣ ሥራዋን ልታቆም ትችላለች።

ለመሆኑ ኩባንያዎቹ ለምን ይቆልፋሉ? እ.ኤ.አ. በ2008 አይፎን 3ጂ አሜሪካ ውስጥ 199 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ግን ከኤቲ ኤንድ ቲ ጋር የሁለት ዓመት ውል ለፈረመ ደንበኛ ነው። የቀረውን ዋጋ ኩባንያው ሸፍኖ ከየወሩ ሂሳብ ያስመልሰው ነበር። መቆለፊያው የዚያ ብድር መያዣ ነው ይሉናል። ይሁንና ውሉን አቋርጦ የሚሄድ ደንበኛ ቅጣት ይከፍል ነበር። ለአንድ ብድር ሁለት መያዣ መሆኑ ነው! ዕዳው ካለቀ በኋላ መቆለፊያው ይቆይ የነበረበት ምክንያት ደግሞ ከብድር ጋር አይገናኝም፤ ደንበኛው ርካሽ ወደሆነው ተወዳዳሪ እንዳይሄድ ማሰሪያ ነው።

አስገራሚው ነገር ለዚህ ማሰሪያ ጠበቃ ሆኖ የተገኘው የቅጂ መብት ሕግ መሆኑ ነው። አሜሪካ በ1998 ያወጣችው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ፊልምና ሙዚቃ ያለፈቃድ እንዳይባዛ የተደረጉ የሶፍትዌር መከላከያዎችን መስበር ከለከለ። የስልክ መቆለፊያም ሶፍትዌር ነውና አብሮ ተጠቀለለ። በየሦስት ዓመቱ ልዩ ፈቃድ የሚሰጡት የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በ2006 እና በ2010 ስልክ መክፈትን ፈቀዱ፤ በ2012 ግን ከጥር 26 ቀን 2013 በኋላ ለሚገዙ ቀፎዎች ከለከሉ። ዋጋውን ከፍሎ የጨረሰ ሰው እንኳ የራሱን ስልክ ያለኩባንያው ፈቃድ ከከፈተ ሕግ ጣሰ ማለት ነው። ለትርፍ የሚከፍት ሰው ለመጀመሪያ ጥፋቱ እስከ 500,000 ዶላርና እስከ አምስት ዓመት እስር ሊጠብቀው ይችል ነበር።

ከ114,000 በላይ ሰዎች ለዋይት ሐውስ አቤቱታ ፈረሙ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም ነሐሴ 1 ቀን 2014 እገዳውን የሚያነሣውን ሕግ ፈረሙ። ሆኖም ሕጉ ባለቤቱ እንዲከፍት ፈቀደ እንጂ ኩባንያው ቁልፉን እንዲያስረክብ አላስገደደም። ማስረከቡ የተተወው ኩባንያዎቹ በፈቃዳቸው ለገቡት ቃል ነው፦ ዕዳው ሲያልቅ፣ በቅድመ ክፍያ ለተገዛ ቀፎ ደግሞ ቢበዛ በአንድ ዓመት፣ ሲጠየቁ ይከፍታሉ። የስልክ ኩባንያው ቬራይዘን ግን በገዛው የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድ ምክንያት የመክፈት ግዴታ ነበረበት፤ በኋላ ለ60 ቀን ብቻ መቆለፍ ተፈቀደለት፤ በጥር 2026 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከዚህም ገደብ ነጻ አደረገው።

ሌሎች አገሮች እንዲህ አልተሽኮረመሙም። ካናዳ ውስጥ ኩባንያዎቹ በ2016 ብቻ ቀፎ በመክፈት ወደ 37.7 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ሰበሰቡ፤ ተቆጣጣሪው ከታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ክፍያውን አስቀረ፤ አዲስ ቀፎም ሳይቆለፍ እንዲሸጥ አዘዘ። ብሪታንያ በታኅሣሥ 2021 የተቆለፈ ስልክ መሸጥን ከለከለች። የዋጋው ነገር ጎልቶ የታየው ግን እስራኤል ውስጥ ነው። በ2012 ጎላን ቴሌኮምና ሆት ሞባይል ገበያ ሲገቡ ጎላን ያልተገደበ ጥሪ በወር በ99 ሼቅል አቀረበ፤ ነባሮቹም ዋጋ ለመቀነስ ተገደዱ። ደንበኛው ቀፎው ተቆልፎበት ይዞት መሻገር ባይችል ኖሮ ያ ዋጋ ለብዙው ሰው ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር።

አንድ ነገር ሳይምታታ፦ የሲም መቆለፊያ፣ የአይክላውድ መቆለፊያ (ስልኩ ከባለቤቱ የአፕል አካውንት ጋር መታሰሩ) እና ተሰርቋል ወይም ዕዳ አለበት ተብሎ በጥቁር መዝገብ መግባት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው መከፈቱ ሁለቱን አያነሣም። ያገለገለ ስልክ ሲገዙ *#06# ደውለው የሚያገኙት 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር በጥቁር መዝገብ አለመኖሩን ሳያጣሩ ገንዘብ አይቁጠሩ። በአይፎን ላይ ደግሞ ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ አባውት ብለው ገብተው «ካሪየር ሎክ» ከሚለው ጎን «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» መባሉን ይመልከቱ።

አሜሪካ ያለ ዘመድዎ ስልክ ሊልክልዎ ካሰበም አስቀድመው ይንገሩት፦ ሻንጣ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ዕዳውን ጨርሶ፣ ኩባንያውን ጠይቆ፣ ያንን ጽሑፍ በዓይኑ አይቶ ይላክ።