በቦረና ደጋ አዲስ ዘበኛ ተቀጠረ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ አበው። የበላውን ሁሉ በጩኸት ሊከፍል የተዘጋጀ፤ ነገር ግን ድምፁ ገና ያልጠነከረ አንድ አዲስ ዘበኛ ለማየት የበቃነው፤ ከመካነ ሰላም ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቃ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ጎጥ በእንግድነት በሰነበትን ጊዜ ነው።

ጎጢቱ ከሰባት ቤት አትበልጥም። ከፊቷ የገብስና የባቄላ ማሳ፤ ከኋላዋ የበጎች መሰማሪያ አላት። ዘበኛው ሦስት ወር የሞላው፤ ደረቱ ነጭ የሆነ ቡናማ ቡችላ ሲሆን፤ ስሙን «መከታ» ብለውታል። እስከ አሁን ግን መከታ የሚሻው እርሱ ራሱ ነው።

ማለዳ እማወራዋ አመዱን ገልጠው እሳት ሲያያይዙ፤ መከታ ከደጃፉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ወደ ውስጥ መግባት ክልክል መሆኑን በሁለት ቀን ተምሯል። አንድ ጣሳ አጓትና የእንጎቻ ቁራሽ ከደረሰው በኋላ፤ ባናውን ከተከናነበው እረኛ ልጅ ኋላ ኋላ እየሮጠ ወደ መስክ ይወርዳል። በዚያም አውራው በግ በቀንዱ ያንከባልለዋል፤ ከገደሉ አፋፍ የጭላዳዎች ጩኸት ሲሰማ ደግሞ ከልጁ ባና ሥር ይሸጎጣል። ማታ ጅብ ሲጮህ በቀጭን ድምፁ አንድ ጊዜ መለስ ያደርግና ከጭዱ ክምር ውስጥ ይገባል። ቤተ ሰቡም እኛም በዚህ እጅግ ሳቅን።

ያልሳቁት የቤቱ አያት ብቻ ነበሩ። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የነበራቸው ውሻ አብዶ ላማቸውን እንደ ነከሰና ላሚቱም እንደ ሞተች፤ የጎረቤትም ልጅ ተነክሶ፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ተወስዶ ክትባት በመወጋቱ እንደ ተረፈ አጫወቱን። ከዚያም ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው፤ «ያልተከተበ ውሻ ማሳደግ ሰይፍን ያለ አፎት መታጠቅ ነው» አሉ።

አባወራው ግን፤ «አባባ፤ እርሻው ሳያልቅ ለአንድ ቡችላ ብዬ የሙሉ ቀን መንገድ ልሂድ?» ሲሉ ተከራከሩ። ሽማግሌውም፤ «የአንድ ቀን እርሻ ነገ ይታረሳል፤ ልጅ ግን ነገ አይገኝም» ብለው መለሱላቸው።

የሽማግሌው ቃል ከሊቃውንት ምርምር ጋር የተስማማ ነው። የውሻ እብደት በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ አብዛኞቹም በአፍሪካና በእስያ ናቸው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ባበደ ውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ክትባት አስወግቶ ከሞት አድኗል። ስሙም አዲስ አበባ ውስጥ በጉለሌ በኩል «ፓስተር» እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠራል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፤ ሳይውል ሳያድር ለክትባት ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ጸበሉም ጸሎቱም ይህን አይከለክልም።

ይህም ብቻ አይደለም። የደንቆሮ ጫካን በያዘው በቦረና ሳይንት ደጋ፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 የሚያንሱ ናቸው። ዋና ጠላታቸውም ጠመንጃ ሳይሆን ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በባሌ ወብ ሸለቆ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የገባው የውሻ እብደት፤ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስቱን እጅ ያህል ፈጅቷል። እንግዲህ አንድ ቡችላ ሲከተብ፤ እረኛውም፤ ላሚቱም፤ በጫካው ያለው ቀበሮም አብረው ይጠበቃሉ ማለት ነው።

በማግሥቱ ወደ መካነ ሰላም ስንመለስ ብቻችንን አልነበርንም። አባወራው ሞፈሩን አሳድረው ከፊት ከፊት ይራመዱ ነበር፤ እረኛው ልጅም መከታን በባናው ጠቅልሎ ታቅፎታል። የእንስሳት ሐኪሙ መርፌውን ሲወጋው ቡችላው አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ። ሐኪሙም ከዓመት በኋላ መልሰው እንዲያመጡት አሳሰቧቸው።

አባወራው ፈገግ ብለው፤ «ዛሬ ገና ሥራውን ጀመረ» አሉን። ውሻ የምታሳድጉ አንባቢዎቻችን ሁሉ ዘበኞቻችሁን እንዲሁ በጊዜ ሥራ ታስጀምሩ ዘንድ አደራ እንላለን።