የማይመለሰው «ተመላሽ»

ሉማሜ ገበያ ላይ ጤፍ የምትነግድ አንዲት ሴት አለች እንበል። ቴሌብሯ ላይ 7,400 ብር አላት። ሚዛኑን ይዛ ከደንበኛ ጋር ስትነጋገር መልእክት ይገባል፦ «3,000 ብር ተቀብለዋል»። ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ይጮኻል። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በስህተት ነው የላክሁብዎ። አባቴ ሆስፒታል ተኝቷል፣ የመድኃኒቱ ነው፤ በእመብርሃን ይመልሱልኝ።» የሰው ገንዘብ እሳት ነው ብላ ያደገች ናትና ወዲያው ትልክለታለች። ማታ ሒሳቧን ስታይ 4,400 ብር ሆኗል። ቀድሞውንም የገባላት ብር አልነበረም።

ከኩንታል 150 ብር የምታተርፍ ቢሆን፣ በዚያች ስልክ የሄደው የ20 ኩንታል ትርፍ ነው። የደወለው ልጅ ወጪ ደግሞ አንድ መልእክትና አንድ ጥሪ። መቶ ሰው ሞክሮ አንድ ቢያዝለት ያተርፋል፤ ይህ ነገር የማይነቀለው ለዚህ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን መረቡ የሚይዘው ሐቀኛውን መሆኑ ነው። የሰው ገንዘብ ዋጥ የሚያደርግ ሰው በዚህ አይጠመድም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያለ ኢንተርኔት በ*127# እንዲሠራ መደረጉ ለገጠር ነጋዴ ትልቅ ነገር ነበር። በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥም ለብዙው ሰው የቀረው ይኸው መንገድና አጭር መልእክት ነው። መልእክቱን እንደ ደረሰኝ ማየት ለመድን። ደረሰኙ ግን ሒሳቡ ነው። እውነተኛው መልእክት የሚገባው ከ127 ነው፤ ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ ከተራ የስልክ ቁጥር ይመጣል። ቢያጠራጥር *127# ደውሎ ቀሪ ሒሳብ ማየት ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በስህተት የሄደ ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ በመጋቢት 2016 አይተናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ሲወጣ፣ ባንኩ የወሰዱት ወደ ቅርንጫፍ ሄደው እንዲመልሱ ነው የጠየቀው፤ በመስኮት።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንን የሚያጠምደው ደግሞ የ«እድሳት» ኢሜይል ነው። «የጊክ ስኳድ አገልግሎትዎ በ400 ዶላር ታድሷል፤ ካልፈለጉ ይደውሉ» ይላል። የደወለውን ኮምፒውተሩን አስከፍተው «ተመላሹን አብዝተን ላክን፣ ትርፉን በስጦታ ካርድ መልስ» ይሉታል። በ2023 እ.ኤ.አ. በዚህ የኮምፒውተር ጥገና ድርጅትና በእናት ኩባንያው በቤስት ባይ ስም ስለተሠራ ማጭበርበር ለአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ወደ 52,000 ጥቆማ ደርሷል። የሉማሜው ልጅ «መልሱልኝ» ልክ ይኸው ነው።

እኛ ጋ እድሳቱ በትንሹ ነው የሚበላው። ሳያስቡት የተመዘገቡበት የአጭር ቁጥር አገልግሎት በቀን 2 ብር ቢቆርጥ በዓመት 730 ብር ነው። ካርድ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ሰው ከየትኛው ቁጥር መልእክት እንደሚመጣበት ይይና በዚያው ቁጥር ያስቁም፤ ካልሆነ 994 ይደውል። «መስመርዎ ሊዘጋ ነው፣ ለማደስ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚል ጥሪ ከመጣ ግን ወሬ ሳያበዙ መዝጋት ነው።

ሕጉ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማታለል እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ፖሊስ ጋ ሲኬድ ግን መልእክቱና የደወለው ቁጥር ሳይጠፉ ይኑሩ።

ነጋዴዋ ያን ቀን ይህን ብትለው ይበቃት ነበር፦ «ልጄ፣ ለ127 ደውለህ አመልክት። እነሱ ሲጠይቁኝ፣ ያንተ ከሆነ እሺ እላለሁ።» ከዚያም ወደ ሚዛኗ።