ዚኒያን ከራሱ ዘር

አደይ አበባን ዘርቶ የሚያበቅለው ገበሬ የለም። ጥቅምት አልፎ አበባው ሲጠወልግ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፤ በጋውን ደረቅ አፈር ውስጥ ከርሞ ክረምት ሲገባ ይበቅላል፤ መስከረም ላይ ያብባል። እናት ተክሏ ግን ያኔ የለችም። በቅላ፣ አብባ፣ ዘር ጥላ በአንድ ወቅት አልቃለች። በየግቢያችን የምንተክላቸው ዚኒያ፣ ኮስሞስና ማሪጎልድም ኑሯቸው እንዲሁ ነው፤ ከአደይ አበባ፣ ከሱፍና ከኑግ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ብዙ ሰው ታዲያ በየዓመቱ ከመንገድ ዳር ችግኝ ይገዛል። ተክሉ ዕድሜውን በሙሉ የሚደክመው ዘር ለመስጠት ሆኖ ሳለ ዘሩን ጥሎ ችግኝ መግዛት ያሳዝነኛል።

ለጀማሪ የምመርጠው ዚኒያን ነው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን ስሙን ያገኘው በ18ኛው መቶ ዘመን በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ከነበረው ጀርመናዊ የእጽዋትና የሰው አካል አጥኚ ከዮሃን ጎትፍሪድ ዚን ነው። በዓይናችን ውስጥ ሌንሱን ደግፈው የሚይዙት ቀጫጭን ክሮችም የሚጠሩት በዚሁ ሰው ስም ነው። ዚኒያን ያስመረጠኝ ግን ዘሩ ነው። ፔቱኒያ የተባለው አበባ ዘሩ አቧራ ያህላል፤ ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግም አፈር አይጫነውም። የዚኒያው ጠፍጣፋና የቀስት ጫፍ ቅርጽ ያለው በመሆኑ በጣት ተይዞ አንድ በአንድ ይዘራል።

ሥራው የሚጀምረው አበባው ገና በፈካበት ጊዜ ነው። አንድ አበባ የሚመስለን የብዙ ትናንሽ አበቦች ስብስብ ነው። ዳር ዳር ያሉት ባለ ቀለም ቅጠሎች እያንዳንዳቸው አንድ ሴቴ አበባ ናቸው፤ መሐል ላይ ያሉት ቢጫ ነጠብጣቦች ደግሞ ወንዴም ሴቴም የሆኑ፣ ብናኝ የሚሰጡ አበቦች ናቸው። ስለዚህ ለዘር በሚተወው ተክል አጠገብ ቢጫው መሐል በደንብ የሚታይ አበባ መኖር አለበት። ጤነኛውን፣ ቀለሙ የወደድነውን ተክል መርጠን ግንዱ ላይ ክር እናስራለን። ከሌሎቹ ተክሎች የጠወለገውን አበባ ቶሎ ቶሎ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ዘር የያዘ ተክል ማበቡን ይቀንሳል፣ የተቆረጠበት ግን እንደገና እምቡጥ ያወጣል። ክር የታሰረበት አይነካም። አበባው ቡናማ ሆኖ፣ ግንዱ አንገቱ ላይ እስኪደርቅ ይቆማል። ደጋ ላይ ዘር ለመልቀም ምቹው ጊዜ ዝናቡ የቆመበት ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ዝናብ ያገኘው አበባ እላዩ ላይ ይበሰብሳል።

የደረቀውን አበባ ሲበትኑት ዘሩ ከቅጠሉ ግርጌ ተያይዞ ይወጣል። በጥፍር ሲጫኑት የሚታጠፈው ፍሬ የሌለው ገለባ ነው። ጠንካራውን ለይቶ ጥላ ሥር ወረቀት ላይ አስጥቶ ለሳምንት ያህል ማድረቅ፣ ከዚያ በወረቀት ፖስታ አድርጎ ስሙንና ዓመቱን ጽፎ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው። በፌስታል መቋጠር እርጥበቱን ያፍነዋል። የዘር ባለሙያዎች እንደሚሉት የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት በእጥፍ ይረዝማል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የመጀመሪያው ዘር የተገዛው «ኤፍ 1» (የመጀመሪያ ትውልድ ዲቃላ) ከተጻፈበት ፓኬት ከሆነ ልጆቹ እናታቸውን ላይመስሉ ይችላሉ። የዘር ውርስ ተመራማሪው ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው የአተር ጥናቱ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘው ትውልድ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል፣ ቀጣዩ ግን ይበታተናል።

ለመዝራት የግድ ዕቃ መግዛት አያሻም። ለሁለት የተቆረጠ፣ ሥሩ የተበሳ ሃይላንድ ይበቃል። አፈር፣ ብስባሽና አሸዋ ተደባልቆ ይሞላበትና ዘሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበራል። ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ከሆነ በሳምንት ውስጥ ይበቅላል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ እስኪበቅል ቤት ውስጥ ማሳደሩ ይሻላል። ብቅ እንዳለ ወደ ብርሃን ይወጣል፤ ጨለማ ውስጥ የቆየ ችግኝ ቀጥኖ ይወድቃል። ችግኝ የሚሞተው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ሲበዛበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ጠፈርተኛው ስኮት ኬሊ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ዚኒያ አብቦለት ፎቶግራፉን ለዓለም አሳይቶ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን እርጥበት በዝቶ ቅጠሎቹ ሻግተው ነበር፤ የዳኑት ከምድር የሚመጣው የውሃ መርሐ ግብር ቀርቶ እሱ ራሱ ተክሉን እያየ መወሰን ከጀመረ በኋላ ነው። እዚህም እንደዚያው የአፈሩን ላይ በጣት ነክቶ ሲደርቅ ማጠጣት ነው። በቂ ቅጠል ሲያወጣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አራርቆ ፀሐይ ያለበት መደብ ላይ መትከልና ጫፉን መቀንጠብ ቅርንጫፍ ያበዛል። ውሃው ግርጌው ላይ ይፍሰስ፤ እርጥብ ቅጠል ለበሽታ ይጋለጣል።

የፔቱኒያ ዘር የሚያስቸግረው ሰው ቁራጭ ይትከል። ያላበበ ለጋ ጫፍ ከአንጓው በታች ቆርጦ፣ የታች ቅጠሎቹን አንስቶ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ጥላ ሥር ቢያቆመው ሥር ያወጣል፤ ከአንድ ተክል የተቆረጠ በመሆኑም ቀለሙ አይለወጥም።

ዚኒያ ግን ይለወጣል። ንቦችና ቢራቢሮዎች የቀዩን ብናኝ ለነጩ፣ የነጩን ለሮዙ ያደርሳሉና በሁለተኛው ዓመት መደቡ ላይ ማንም ያልተከለው ቀለም ይፈካል። እኔ ይህን እወደዋለሁ። ቀዩን ብቻ የሚሻ ሰው ሌላ ቀለም ያወጣውን ተክል ገና በመጀመሪያ አበባው ነቅሎ ከመደቡ ማስወጣት አለበት።